የማትሪክስን ዓምዶች በፍጥነት ደረጃ ማስያዝ፦ ከድርብ አርግሶርት እስከ ቢት ማሸግ

100,000 ረድፍና 1,000 ዓምድ ያለው ማትሪክስ አለ እንበል። ሥራው እያንዳንዱን ዓምድ ለየብቻው ወስዶ፣ በውስጡ ያለው እያንዳንዱ ቁጥር ከትንሹ ተነሥቶ ሲቆጠር ስንተኛ እንደሆነ መጻፍ ነው። የስፒርማን ኮሪሌሽን (የሁለት መለኪያዎችን ዝምድና በደረጃቸው የሚለካውን) የሚያሰላ ሰው ይህን ይፈልገዋል፤ በተለያየ መለኪያ የተሰበሰበ ዳታን በአንድ ሚዛን ማየት የሚፈልግም እንዲሁ። ኮዱ አጭር ነው፣ ብዙ ጊዜ ከአንድ መስመር አያልፍም። ያ አንድ መስመር ግን መፍጀት ከሚገባው ጊዜ ብዙ እጥፍ ሊፈጅ ይችላል።

መደርደር በራሱ ቀላል ሥራ አይደለም። 100,000 ቁጥር ያለው አንድ ዓምድ ወደ 1.7 ሚሊዮን ማወዳደር ይጠይቃል፤ 1,000 ዓምድ ሲሆን 1.7 ቢሊዮን ይደርሳል። ይህ የማይቀር ወጪ ነው። ሊቀር የሚችለው በላዩ ላይ የሚደራረበው ነው፦ አንዴ የተደረደረውን ደግሞ መደርደር፣ ሜሞሪን እየዘለሉ ማንበብ፣ ቁጥሮችን በቀጥታ ሳይሆን በአድራሻቸው በኩል እየፈለጉ ማወዳደር። ከታች ያሉት እርምጃዎች እነዚህን አንድ በአንድ የሚያነሡ ናቸው። ምሳሌዎቹ በአብዛኛው ከፓይተንና ከቁጥር ላይብረሪው ከነምፓይ የተወሰዱ ናቸው፤ በአር፣ በማትላብ ወይም በጁሊያ ሲሠራ የሚለየው በየቦታው ተጠቅሷል።

1ኛ እርምጃ፦ የትኛው ደረጃ እንደሚፈለግ መወሰን

አንድ ዓምድ እነዚህን አምስት ቁጥሮች ይዟል፦ 7.2፣ 3.1፣ 7.2፣ 5.0፣ 9.4። ሁለቱ 7.2ዎች እኩል ናቸው። እኩል ለሆኑት ምን ይሰጣቸው የሚለው ጥያቄ አምስት የተለመዱ መልሶች አሉት።

አማካይ፦ 3.5፣ 1፣ 3.5፣ 2፣ 5
ዝቅተኛ፦ 3፣ 1፣ 3፣ 2፣ 5
ከፍተኛ፦ 4፣ 1፣ 4፣ 2፣ 5
ጥቅጥቅ፦ 3፣ 1፣ 3፣ 2፣ 4
ተከታታይ፦ 3፣ 1፣ 4፣ 2፣ 5

ይህ ውሳኔ ከፍጥነቱ ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው። ተከታታይ ደረጃ ከሁሉ ይፈጥናል፣ ምክንያቱም እኩል የሆኑትን መፈለግ አያስፈልገውም። የስፒርማን ስሌት ግን አማካይ ደረጃን ይፈልጋል፤ ዳታው ውስጥ እኩል ቁጥሮች እያሉ ለፍጥነት ሲባል በተከታታይ ደረጃ መተካት ውጤቱን ያዛባል። ቁጥሮቹ ሁሉ እንደማይደጋገሙ እርግጠኛ ከሆኑ ሁሉም ዘዴዎች አንድ ዓይነት መልስ ስለሚሰጡ ፈጣኑን ይምረጡ።

የላይብረሪዎቹ ልማድም ይለያያል። የሳይፓይ ራንክዴታ፣ የፓንዳስ ራንክ እና የአር ራንክ ካልተነገራቸው በቀር አማካይን ይሰጣሉ። በአር ውስጥ ማትሪክስስታትስ በሚባለው ጥቅል ያለው ኮልራንክስ ግን ሳይነገረው ከፍተኛውን ነው የሚሰጠው፤ በዚያ ላይ ቅርጹን እንዲጠብቅ ካልታዘዘ ማትሪክሱን ገልብጦ፣ ዓምዱን ረድፍ አድርጎ ይመልሳል። የቀድሞውን ቀርፋፋ ኮድ በዚህ ፈጣን ፈንክሽን የተካ ሰው ሁለቱንም ካላስተካከለ ስሕተቱ ድምፅ ሳያሰማ ያልፋል፤ በተለይ ማትሪክሱ እኩል ረድፍና ዓምድ ያለው ከሆነ።

2ኛ እርምጃ፦ ከመነካካት በፊት መለካት

ትክክለኛውን የማትሪክስ መጠን፣ ትክክለኛውን የቁጥር ዓይነት ይዘው ይለኩ። በ100 በ100 ማትሪክስ ላይ የተገኘ ውጤት ስለ 100,000 በ1,000 ምንም አይናገርም፤ ትንሹ ሙሉ በሙሉ ካሽ (ከፕሮሰሰሩ አጠገብ ያለ ትንሽ ፈጣን ሜሞሪ) ውስጥ ስለሚገባ የሜሞሪው ችግር ጨርሶ አይታይበትም። ኮዱን አንድ ጊዜ በባዶ ያስኪዱት፤ የፓይተንን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚተረጉም ነምባን የመሰለ ኮምፓይለር ካለ የመጀመሪያው ጥሪ የትርጉም ጊዜውን ይጨምራል። ከዚያ አምስት ያህል ጊዜ ለክተው አነስተኛውን ይያዙ። የመሞከሪያው ዳታ እንደ እውነተኛው ዳታ ይሁን፦ እኩል ቁጥሮች፣ ዜሮዎች፣ ባዶ ቦታዎች ያሉበት። በዘፈቀደ የተፈጠሩ የነጥብ ቁጥሮች የሚደጋገሙት ከስንት አንዴ ስለሆነ፣ እኩልን የሚያስተናግደውን የኮድ ክፍል ሳይነኩት ያልፋሉ።

3ኛ እርምጃ፦ ሁለተኛውን አርግሶርት ማስወገድ

አርግሶርት ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ቢደረደሩ የየትኛው ረድፍ ቁጥር በቅድሚያ እንደሚመጣ የሚመልስ ፈንክሽን ነው፤ ደረጃ አይሰጥም። ለምሳሌያችን የሚመልሰው፣ ከዜሮ ሲቆጠር፣ 1፣ 3፣ 0፣ 2፣ 4 ነው። ትርጉሙም «ትንሹ ቁጥር በ1 ቁጥር ረድፍ ላይ ነው፣ ቀጣዩ በ3 ቁጥር ረድፍ ላይ» ማለት ነው። ደረጃ ግን የተገላቢጦሹ ጥያቄ መልስ ነው፦ «በ0 ረድፍ ያለው ቁጥር ስንተኛ ነው?» ሁለቱን ማምታታት በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ በትንንሽ ሙከራ ስለማይያዝም ረጅም ዕድሜ ይኖራል። ሦስት ቁጥሮች ሊይዙ ከሚችሉት 6 አሰላለፎች ውስጥ በ4ቱ አርግሶርቱና ደረጃው አንድ ዓይነት ናቸው። ስለዚህ በሦስት ቁጥር የተሞከረ የተሳሳተ ኮድ ብዙውን ጊዜ ትክክል ይመስላል።

ይህን የተረዱ ሰዎች የሚያደርጉት የአርግሶርቱን ውጤት እንደገና አርግሶርት ማድረግ ነው። መልሱ ትክክል ነው፤ ዋጋው ግን ሁለተኛ ሙሉ መደርደር ነው። ያንን መደርደር የሚያስፈልገው ምንም ነገር የለም። የተደረደረው ቅደም ተከተል አስቀድሞ በእጅ ስላለ፣ ቁጥሮቹን በየቦታቸው መጻፍ ብቻ ይበቃል፦

1. ተራ = የዓምዱ አርግሶርት
2. ደረጃ = ያንኑ ያህል ቦታ ያለው ባዶ አሬይ
3. ደረጃ[ተራ] = 1፣ 2፣ 3፣ … እስከ ረድፉ ብዛት

ለሙሉ ማትሪክስ ሦስተኛውን መስመር የነምፓይ ፑት አሎንግ አክሲስ ይሠራዋል። ከ0 እስከ ረድፍ ብዛት ያለውን አሬይ በአሬንጅ ፈጥረው፣ አንድ ዓምድ አስመስለው ቅርጹን ቀይረው ያቀብሉት፤ ከ1 መጀመር ካለበት 1 ይጨምሩ። ለእያንዳንዱ ቁጥር አንድ ጽሑፍ ብቻ ነው፤ ማወዳደር የለም። በማትላብም ሶርት የሚመልሰውን ሁለተኛ ውጤት ይዞ በዚያ አድራሻ መጻፍ ይቻላል። በጁሊያ ሶርትፐርም የሚመልሰው ተራ በተመሳሳይ መንገድ ይገለበጣል።

እኩል የሆኑት እንደመጡበት ቅደም ተከተል እንዲያዙ ከተፈለገ አርግሶርቱ ስቴብል እንዲሆን መታዘዝ አለበት። የነምፓይ አርግሶርት ካልተነገረው ክዊክሶርት የሚባለውን የመደርደር ዘዴ ነው የሚጠቀመው፤ እሱ እኩል የሆኑትን ሊያቀያይር ይችላል። አንድ ዓይነት ኮድ በሁለት ማሽኖች ላይ የተለያየ ተከታታይ ደረጃ የሚሰጥበት ምክንያት ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው። አማካይ፣ ዝቅተኛ፣ ከፍተኛ ወይም ጥቅጥቅ ደረጃ ሲፈለግ ግን እኩሎቹ መጨረሻ ላይ አንድ ዓይነት ቁጥር ስለሚያገኙ ስቴብል መሆኑ አያስፈልግም፤ ፈጣኑን መጠቀም ይቻላል።

ስለ ቨርዥንም አንድ ነገር፦ እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው ነምፓይ 1.25 ኤቪኤክስ 512 (ብዙ ቁጥሮችን በአንድ ትእዛዝ የሚያሠራ ችሎታ) ባላቸው ፕሮሰሰሮች ላይ የአርግሶርትን ክዊክሶርት እስከ 6 እጥፍ እንዳፋጠነ በመግለጫው አስፍሯል። ኮድ ከመጻፍ በፊት የላይብረሪውን ቨርዥን ማየት አንዳንዴ ሌላውን ልፋት ሁሉ ያስቀራል።

4ኛ እርምጃ፦ ዓምዱን በሜሞሪ ላይ ማያያዝ

ነምፓይ ካልተነገረው ማትሪክስን የሚያስቀምጠው በረድፍ ነው። 1,000 ዓምድ ባለው የፍሎት 64 (ባለ 64 ቢት የነጥብ ቁጥር) ማትሪክስ ውስጥ በአንድ ዓምድ ላይ ከአንዱ ቁጥር እስከ ቀጣዩ 8,000 ባይት ርቀት አለ። ፕሮሰሰሩ ሜሞሪን የሚያነበው ግን በ64 ባይት ቁራጭ ነው። ስለዚህ አንድ ቁጥር ሲጠየቅ ስምንት ቁጥሮች ይመጣሉ፣ ሰባቱ ሳይነኩ ይቀራሉ። አንዱን ዓምድ አንብቦ ለመጨረስ 100,000 ቁራጮች ማለትም 6.4 ሜጋባይት ይመላለሳል፤ ይህ ከብዙ ፕሮሰሰሮች ሁለተኛ ካሽ ይበልጣል። የሚቀጥለው ዓምድ ተራ ሲደርስ የመጡት ጎረቤት ቁጥሮች አብዛኞቹ ከካሹ ወጥተዋል፤ እንደገና ይጫናሉ።

የዓምዱ ብዛት የሁለት ርቢ (እንደ 256፣ 512፣ 1,024) ሲሆን ነገሩ ይብሳል። 512 ዓምድ በፍሎት 64 ሲሆን በሁለት ረድፎች መካከል ልክ 4,096 ባይት አለ። 32 ኪሎባይት የሆነና ባለ 8 መንገድ የመጀመሪያ ካሽ ውስጥ በ4,096 ባይት የሚራራቁ አድራሻዎች ሁሉ የሚያርፉት አንድ ጎራ ላይ ነው፤ ጎራው ደግሞ ስምንት ቦታ ብቻ አለው። ሌላው ካሽ ባዶ ሆኖ ሳለ ቁጥሮቹ በስምንት ቦታ ይጋፋሉ። 512 ዓምድ ያለው ማትሪክስ ከ513 ዓምዱ ዘግይቶ ከተገኘ መንሥኤው ይህ ነው፤ የመለኪያው ስሕተት አይደለም።

መፍትሔው ማትሪክሱን አንድ ጊዜ ገልብጦ መቅዳት ነው። በነምፓይ አስፎርትራንአሬይ ዓምዶቹን ተያያዥ አድርጎ ይቀዳል፤ ወይም የተገለበጠውን በአስኮንቲጊየስአሬይ ቀድተው በመጨረሻው አክሲስ (አቅጣጫ) ላይ ይሠሩ። የተገለበጠውን መልክ በነጥብ ቲ ብቻ መጥራት አይበቃም። እሱ የሚቀይረው የአነባበቡን ቅደም ተከተል ነው፤ ሜሞሪው ላይ አንድም ባይት ከቦታው አይንቀሳቀስም።

እዚህ ላይ ልኩን ማወቅ ይገባል። የነምፓይ ሶርት በአክሲስ 0 ሲታዘዝ ራሱ እያንዳንዱን ዓምድ ወደ ጊዜያዊ ተያያዥ ቦታ ቀድቶ ነው የሚደረድረው። ስለዚህ መደርደሩ ራሱ አይጎዳም፤ የሚጎዳው ቅጂው፣ ውጤቱን መመለሱ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ደረጃውን በየቦታው መጻፉ ነው። ያ ጽሑፍ ወደ ዘፈቀደ ረድፎች ስለሚዘል፣ በረድፍ በተቀመጠ ማትሪክስ ላይ ሲሆን በጠቅላላው 800 ሜጋባይት ላይ ይበተናል። ዓምዱ ተያያዥ ሲሆን ግን መበተኑ በ800 ኪሎባይት ውስጥ ይወሰናል፤ ደረጃው ኢንት 32 (ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር) ከሆነ በ400 ኪሎባይት። ከዚህ እርምጃ የሚገኘው ትርፍ በአብዛኛው እዚህ ላይ ነው።

አር፣ ማትላብ፣ ጁሊያና ፎርትራን ማትሪክስን የሚያስቀምጡት በዓምድ ስለሆነ ይህ ችግር የለባቸውም። ችግሩ የሚገጥማቸው ደረጃው በረድፍ ሲፈለግ ነው፤ ያን ጊዜ እነሱም ገልብጠው ቢቀዱ ይሻላል።

የሜሞሪውን መጠንም አስቀድመው ያስሉ። ዳታው 800 ሜጋባይት፣ የአርግሶርቱ ኢንት 64 ሌላ 800፣ ደረጃው በፍሎት 64 ሌላ 800፣ ግልባጩ ሲጨመር 3.2 ጊጋባይት። ሜሞሪው ሞልቶ ማሽኑ ዳታውን ወደ ዲስክ ማመላለስ ከጀመረ ሌላው ማሻሻያ ሁሉ ዋጋ የለውም። 64 ዓምድ በአንድ ጊዜ እየወሰዱ ይሥሩ፤ አንዱ ጥቅል 51.2 ሜጋባይት ነው። የደረጃውንም ዓይነት ያሳንሱ፦ አማካይ ደረጃ ምንጊዜም የ0.5 ብዜት ነው፣ ፍሎት 32 ደግሞ የ0.5 ብዜቶችን እስከ 8,388,608 ድረስ ያለ ምንም ጉድለት ይይዛል። ረድፉ ከዚያ ካልበለጠ ግማሹን ሜሞሪ በነፃ ያገኛሉ።

5ኛ እርምጃ፦ እኩሎቹን በአንድ ዙር ማስተናገድ

ለእያንዳንዱ ዓምድ ልዩ ቁጥሮችን በዩኒክ ፈልጎ፣ ለእያንዳንዱ ልዩ ቁጥር ዓምዱን እንደገና የሚፈትሽ ኮድ እኩሎቹ ሲበዙ በጣም ይንቀረፈፋል። ዓምዱ አንዴ ከተደረደረ እኩሎቹ ጎን ለጎን ናቸው፤ አንድ ዙር ይበቃቸዋል። በነምባ፣ በሲ ወይም በጁሊያ የሚጻፈው ሉፕ ይህን ይመስላል፦

መነሻ = 0
መነሻ ከብዛት እስካነሰ ድረስ፦
   መድረሻ = መነሻ + 1
   መድረሻ ከብዛት እስካነሰ እና እሴት[ተራ[መድረሻ]] ከእሴት[ተራ[መነሻ]] ጋር እኩል እስከሆነ ድረስ፦
      መድረሻ = መድረሻ + 1
   አማካይ = (መነሻ + 1 + መድረሻ) × 0.5
   ከመነሻ እስከ መድረሻ − 1 ላለው ለእያንዳንዱ ሀ፦
      ደረጃ[ተራ[ሀ]] = አማካይ
   መነሻ = መድረሻ

በምሳሌያችን ሁለቱ 7.2ዎች በተደረደረው ዝርዝር 2ኛና 3ኛ ቦታ ላይ ናቸው፣ ከዜሮ ሲቆጠር። መነሻ 2፣ መድረሻ 4 ይሆናል፤ (2 + 1 + 4) × 0.5 = 3.5። ዝቅተኛ ከተፈለገ መነሻ + 1ን፣ ከፍተኛ ከተፈለገ መድረሻን ይጻፉ። በ0.5 ማባዛቱ ሆን ተብሎ ነው፦ በሲ ውስጥ ሙሉ ቁጥርን ለ2 ማካፈል 3.5ን ወደ 3 ይቆርጠዋል።

ባዶ እሴት፣ ማለትም ናን፣ ካለ ከሉፑ በፊት ይወሰን። ነምፓይ ናንን ወደ መጨረሻ ስለሚያሰልፍ፣ ናን ያልሆኑትን ቆጥረው ብዛት በሚለው ቦታ ያንን ቁጥር ያስገቡ፤ የቀረውን ቦታ በናን ይሙሉ። ይህ ካልተደረገ ናን ከራሱም ጋር እኩል ስላልሆነ እያንዳንዱ ባዶ ቦታ የየራሱ ትልቅ ደረጃ ይሰጠዋል። በሲፕላስፕላስ ደግሞ አደጋው ይብሳል፦ መደበኛው ሶርት ናን ያለበት ዳታ ከተሰጠው የማወዳደር ሕጉ ስለሚፈርስ ፕሮግራሙ ከአሬዩ ውጪ ሊያነብና ሊወድቅ ይችላል። በነምባ ፋስትማዝን (የስሌት ሕጎችን አላልቶ የሚያፈጥነውን ምርጫ) ከከፈቱ ኮምፓይለሩ ናን የለም ብሎ ስለሚነሣ የናን ፍተሻውን ሊሰርዘው ይችላል፤ ለዚህ ሥራ ዝግ ይሁን።

6ኛ እርምጃ፦ ዓምዶቹን በኮሮች ማከፋፈል

አንዱ ዓምድ የሌላውን ውጤት አይጠብቅም። ስለዚህ በነምባ የውጭውን የዓምድ ሉፕ፣ ሉፕን ለፕሮሰሰሩ ኮሮች በሚያከፋፍለው በፒሬንጅ ማስኬድ፣ ወይም በነምፓይ ብቻ የዓምድ ጥቅሎችን ለትሬዶች (በአንድ ፕሮግራም ውስጥ ጎን ለጎን ለሚሄዱ ሥራዎች) ማከፋፈል ይቻላል፤ ነምፓይ ሲደረድር በአንድ ጊዜ አንድ ትሬድ ብቻ የሚያሠራውን የፓይተንን ዋና ቁልፍ ስለሚለቅ ተራ ትሬዶች ይበቃሉ። ብዙ ፕሮሰስ መክፈት አያስፈልግም፣ 800 ሜጋባይቱን ወደ እያንዳንዱ መቅዳት ትርፉን ይበላዋል።

ሁለት ጥንቃቄ ብቻ። እያንዳንዱ ትሬድ የራሱ ጊዜያዊ ቦታ ይኑረው፤ በሉፑ ውስጥ ለእያንዳንዱ ዓምድ አዲስ ከመመደብ አንዴ መድቦ ደጋግሞ መጠቀም ይሻላል። የሚጻፍበት ማትሪክስም በዓምድ የተቀመጠ ይሁን። በረድፍ ከተቀመጠ ጎረቤት ዓምዶች አንድ የ64 ባይት ቁራጭ ስለሚጋሩ፣ ሁለት ኮሮች ሳይነካኩ እየሠሩ ቁራጩን ግን እርስ በርስ ይነጣጠቃሉ፤ ኮር ሲጨመር ፍጥነት የማይጨምርበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

7ኛ እርምጃ፦ ቁጥሩንና አድራሻውን በአንድ ማሸግ

እስካሁን ያለው ለአብዛኛው ሥራ ይበቃል። ከዚህ የሚቀጥለው ፍጥነት የግድ ለሆነበት ነው፤ በሚገባ ቢጤን የሚያስደስት ሐሳብም ነው።

አርግሶርት ከሶርት የሚዘገየው በዙሪያ ጥምጥም ስለሚያወዳድር ነው። በአሬዩ ውስጥ የሚያንቀሳቅሰው አድራሻዎችን ነው፤ ሁለት አድራሻዎችን ለማወዳደር ወደ ዋናው ዓምድ ሄዶ ሁለቱን ቁጥሮች ያመጣል፣ አድራሻዎቹም ከተቀያየሩ በኋላ ቁጥሮቹ በሜሞሪ ላይ የተበታተኑ ናቸው። ቁጥሩና አድራሻው በአንድ ባለ 64 ቢት ሙሉ ቁጥር ውስጥ ቢታሸጉ ግን ተራ ሶርት ይበቃል፤ የሚወዳደረው እዚያው በእጅ ያለው ነው።

ለፍሎት 32 አሠራሩ እንዲህ ነው።

ሀ. ዓምዱ ላይ 0.0 ይደምሩ። ኔጌቲቭ ዜሮና ዜሮ እኩል ናቸው፤ ቢታቸው ግን ይለያያል። ድምሩ ኔጌቲቩን ዜሮ ወደ ተራ ዜሮ ይለውጠዋል።

ለ. ቢቶቹን ሳይቀይሩ እንደ ምልክት አልባ ባለ 32 ቢት ሙሉ ቁጥር ያንብቡ፤ በነምፓይ ቪው የሚባለው ይህን ያደርጋል።

ሐ. የምልክቱ ቢት (ቁጥሩ ኔጌቲቭ መሆኑን የሚያሳየው የመጀመሪያው ቢት) 1 ከሆነ 32ቱንም ቢቶች ይገልብጡ፤ 0 ከሆነ የምልክቱን ቢት ብቻ ይገልብጡ።

መ. ወደ ምልክት አልባ ባለ 64 ቢት ቀይረው ወደ ግራ 32 ቢት ይግፉ፤ በታችኛው 32 ቢት የረድፉን ቁጥር ይጨምሩ።

ሠ. ሶርት ያድርጉ። የታችኛው 32 ቢት የምንፈልገው ተራ ነው። የላይኛው 32 ቢት የተደረደረው እሴት ስለሆነ እኩሎቹን ለመፈለግ ወደ ዋናው ዓምድ መመለስ አያስፈልግም።

«ሐ» ለምን እንዳስፈለገ በሦስት ቁጥር ይታያል። የ−2.0፣ የ−1.0 እና የ1.0 ቢቶች እንዳሉ ሲነበቡ 3,221,225,472፣ 3,212,836,864 እና 1,065,353,216 ናቸው፤ ቅደም ተከተሉ ፍጹም ተገልብጧል። ከ«ሐ» በኋላ 1,073,741,823፣ 1,082,130,431 እና 3,212,836,864 ይሆናሉ፤ ትንሹ ከትንሹ፣ ትልቁ ከትልቁ።

የረድፉ ቁጥር በታች ስላለ እኩሎቹ እንደመጡበት ተራ ይሰለፋሉ፤ ሶርቱ ስቴብል ባይሆንም ውጤቱ ስቴብል ነው።

እዚህ የሚያሰናክሉ ሦስት ነገሮች አሉ። የመጀመሪያው የረድፉ ቁጥር ዓይነት ነው። በነምፓይ ምልክት አልባ ባለ 64 ቢት አሬይን ከተራ ኢንት 64 አሬይ ጋር ሲደምሩ ውጤቱ ፍሎት 64 ይሆናል፤ እሱ ደግሞ የሚይዘው 53 ቢት ስለሆነ የአድራሻው ታችኛ ቢቶች ይጠፋሉ። ኮዱ ይሠራል፣ ደረጃው ግን የተሳሳተ ነው። አሬንጁን ከመነሻው ምልክት አልባ 64 ቢት አድርገው ይፍጠሩ። ሁለተኛው ናን ነው፦ በተለመዱት ኢንቴልና ኤኤምዲ ፕሮሰሰሮች ላይ 0ን ለ0 በማካፈል የሚወለደው ናን የምልክት ቢቱ 1 ነው። ከ«ሐ» በኋላ ከሁሉ ያንሳል፣ የ1ኛነትንም ደረጃ ይወስዳል። ስለዚህ ከ«መ» በፊት ናን ያለባቸውን ቦታዎች በ4,294,967,295 ይተኩ። ሦስተኛው ፍሎት 64ን ዝም ብሎ ወደ ፍሎት 32 ማውረድ ነው፤ የተለያዩ የነበሩ ቁጥሮች እኩል ይሆናሉ። ከ16,777,216 በላይ ያሉ ሙሉ ቁጥሮች እንኳ ሁሉም አይያዙም። አውርደው መልሰው ወደ 64 ሲያወጡት ከዋናው ጋር ሁሉም እኩል ከሆነ ብቻ ይጠቀሙበት፤ ካልሆነ እሴቱንና አድራሻውን እንደ ጥንድ አድርጎ በሲ ወይም በሲፕላስፕላስ መደርደር ይሻላል።

8ኛ እርምጃ፦ የዳታውን ጠባይ መጠቀም

ዓምዱ ከ0 እስከ 255 ያሉ ሙሉ ቁጥሮችን ብቻ ከያዘ መደርደር ጨርሶ አያስፈልግም። እያንዳንዱ ቁጥር ስንት ጊዜ እንደመጣ በቢንካውንት ይቁጠሩ፣ ድምሩን በካምሰም ያጠራቅሙ። ከአንድ ቁጥር በታች ያሉት ብዛት 40፣ እሱ ራሱ ሲጨመር 47 ከሆነ፣ ዝቅተኛው ደረጃ 41፣ ከፍተኛው 47፣ አማካዩ 44 ነው። 256 ቦታ ያለው ሠንጠረዥ ይሠራና እያንዳንዱ ቁጥር ደረጃውን ከሠንጠረዡ ያነባል።

አብዛኛው ዜሮ የሆነ ማትሪክስ በዓምድ ተጨምቆ ከተቀመጠ ወደ ሙሉ ማትሪክስ አይዘርጉት። ዜሮ ያልሆኑትን ብቻ ይደርድሩ። ከዜሮ በታች ያሉት ብዛት 5፣ ዜሮዎቹ 900 ከሆኑ የዜሮዎቹ ሁሉ አማካይ ደረጃ 5 + (900 + 1) ÷ 2 = 455.5 ነው። ከዜሮ በታች ያሉት ደረጃ አይነካም፤ ከዜሮ በላይ ባሉት ላይ 900 ይጨመራል። 95 በመቶ ዜሮ በሆነ ዳታ ላይ ይህን የሚተካከል ሌላ ማሻሻያ የለም።

ሁሉም ደረጃ የማያስፈልግበት ጊዜም ብዙ ነው። ከፍተኞቹ 50 ብቻ ከተፈለጉ አርግፓርቲሽን ይለያቸዋል፤ የሚደረደሩት እነዚያ 50 ብቻ ናቸው። የአንድ ረድፍ ደረጃ ብቻ ከተፈለገ ከእሱ የሚያንሱትን መቁጠር በቂ ነው። የስፒርማን ኮሪሌሽን ለ1,000 ዓምዶች ሲሰላ 499,500 ጥንዶች አሉ፤ በየጥንዱ ሁለቱንም ዓምድ ደረጃ የሚያስይዝ ኮድ 999,000 ጊዜ ይደረድራል። ዓምዶቹን አንዴ ደረጃ አስይዞ፣ አማካያቸውን ቀንሶ፣ በልካቸው (በካሬዎቻቸው ድምር ካሬ ሥር) አካፍሎ በአንድ የማትሪክስ ብዜት መጨረስ ግን 1,000 መደርደር ብቻ ነው። ይህ የሚሠራው ባዶ እሴት ከሌለ ነው። ባዶው በየጥንዱ የሚጣል ከሆነ የቀሩት ረድፎች ደረጃ ከጥንድ ጥንድ ስለሚለያይ አቋራጩ አይፈቀድም።

ዓምዶቹ አጫጭር ሆነው ብዛታቸው ከበዛ፣ ለምሳሌ 50 ረድፍ በ1,000,000 ዓምድ ከሆነ፣ ጊዜውን የሚበላው የፈንክሽን ጥሪው ነው። የፓይተን ሉፕን እዚህ ያስወግዱ። አፕላይ አሎንግ አክሲስም ውስጡ ያው የፓይተን ሉፕ ስለሆነ አያድንም፤ አክሲስ ተቀብሎ በራሱ የሚሠራውን አርግሶርት ይጥሩ። ዓምዶቹ ረጃጅም ሲሆኑ ግን የፓይተን ሉፕ ወጪ ከመደርደሩ አንጻር ኢምንት ነው፤ እሱን ለማጥፋት አይድከሙ።

9ኛ እርምጃ፦ ትክክለኛነቱን ማረጋገጥ

በአማካይና በተከታታይ ዘዴ ባዶ እሴት የሌለበት የእያንዳንዱ ዓምድ ደረጃ ድምር ረድፍ × (ረድፍ + 1) ÷ 2 መሆን አለበት፤ ለ100,000 ረድፍ 5,000,050,000። ድምሩን በኢንት 64 ወይም በፍሎት 64 ይያዙ፦ ከ65,536 ረድፍ ጀምሮ ውጤቱ ከኢንት 32 አቅም ያልፋል። በዊንዶውስ ላይ ከነምፓይ 2.0 በፊት የነበሩት ቨርዥኖች የኢንት 32 አሬይን ሲደምሩ በዚያው በኢንት 32 ስለሚይዙት ትክክለኛ ኮድ የተሳሳተ መስሎ ይታያል።

ይህ ፍተሻ ግን አርግሶርትን በደረጃ ቦታ ያስቀመጠን ኮድ አይዝም፣ ድምሩ አንድ ነውና። ለእሱ ሁለተኛ ፍተሻ ያክሉ፦ በየዓምዱ ትልቁ ቁጥር ያለበትን ረድፍና ትልቁ ደረጃ ያለበትን ረድፍ ያነጻጽሩ፤ እኩል በሌለበት ዓምድ አንድ መሆን አለባቸው። በመጨረሻም 1,000 ረድፍና 20 ዓምድ ያህል ከእውነተኛው ዳታ ቆርጠው፣ እኩሎች፣ ናንና ኔጌቲቭ ዜሮ ጨምረውበት፣ ከራንክዴታ ጋር ቁጥር በቁጥር ያስተያዩ። ራንክዴታ ካልተነገረው አንድ ናን ያለበትን ዓምድ በሙሉ ናን ያደርገዋል፤ የናን ፖሊሲውን ኦሚት አድርገው ሲያስኬዱት ነው ከ5ኛው እርምጃ ውጤት ጋር የሚገጥመው።